አራተኛዋ ነጥብ

አባቴ በሕይወቱ ሁለት ነገር ለሰው እጅ አልሰጠም፤ መኪናውንና እኔን።

ሠላሳ ዓመት አውሮፕላን ሲያበር ኖሮ ጡረታ በወጣ ማግስት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ጥቁር አረንጓዴ የስፖርት መኪና ገዝቶ ከሳሎናችን ሥር ያለው ጋራዥ ውስጥ አስገባት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማለት በቤታችን የዘይት ሽታ ማለት ሆነ። ካንዴላ የሚያጸዳው እሱ፣ ዘይት የሚቀይረው እሱ፣ ከሥሯ ተንጋሎ የሚያጉረመርመው እሱ። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ «ይቺ ሴትዮ ከእኔ የምትሻለው አፍ ስለሌላት ብቻ ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ከአውሮፕላን ጥገና ሰዎች የወሰዳት አንዲት ሕግ ነበረችው። አንድ ብሎን በመፍቻ እስከ መጨረሻው ከጠበቀ በኋላ አናቱ ላይ በቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ነጥብ ያለው ጠብቋል፣ ነጥብ የሌለው አልጠበቀም፤ ሌላ ክርክር የለም። ነጥብ ፊርማ ነው ይል ነበር። የተፈረመበትን ብሎን ደግሞ መነካካት ፈራሚውን መስደብ ነው ብሎም ያምናል።

የዛሬ ዓመት ገደማ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞቹ ለበሽታው ስም ሰጡት፣ መድኃኒቱን የምሰጠው ደግሞ እኔ ሆንኩ፤ ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነውና። ነጥቡ እየተዝረከረከ ሲያስቸግረው ብሩሹን ለእኔ አስረከበኝ። መፍቻውን ግን አልሰጠኝም። ላጥብቅልህ ባልኩት ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ብሩሿንና የቀለሟን ብልቃጥም ጋራዥ ውስጥ እንዳላስቀምጣት አስጠነቀቀኝ፤ ፊርማ ሜዳ ላይ አይጣልም ብሎ። እኔም በአንዲት የመነጽር ማኅደር አድርጌ ከቦርሳዬ አላወጣትም ነበር።

አሁን ስለ ጎሚስታው ልንገራችሁ።

ጎሚስታው የሚለው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ከመድኃኒት ቤታችን ማዶ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ጎማ ይለጥፋል፣ ፍሬን ይሠራል፣ ሞተርም ሲመጣለት ያወርዳል። መጀመሪያ የመጣው አውራ ጣቱን ብረት ቆርጦት ነው። ስጠቀልልለት ሲያየኝ ቆየና አመሰግናለሁ ዶክተር አለኝ። ዶክተር አይደለሁም አልኩት። እሱም መካኒክ ሆኖ ሳለ አንድ ሰው እንኳ መካኒክ ብሎ ጠርቶት እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ስለዚህ እኔን ከፍ፣ እሱን ዝቅ አድርገን እንድንተወው ሐሳብ አቀረበ። ላለመሳቅ ብዙ ታገልኩ፤ አልሆነልኝም። ከዚያ በኋላ ጣቱ በየሳምንቱ መቆረጥ ጀመረች።

እንደምንዋደድ ለአባቴ የነገርኩት ራሴ ነኝ። አልጮኸም። የመኪናዋን መስታወት እየወለወለ፣ «ከበሩ ውጭ ጨዋ ልጅ ነው» አለኝ። ከበሩ ውስጥስ ብዬ አልጠየቅኩም፤ መልሱ ፊቱ ላይ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አባቴ አጠበቅሁት ያለው የሞተር ብሎን በሁለት ጣቴ ስነካው ዞረልኝ። መኪናዋን ለጋራዥ ስጥ ብዬ ለመንኩት፣ አኮረፈኝ፤ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ሄጄ ጎሚስታው ዘንድ አለቀስኩ። የሚያመነታ መስሎኝ ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እኚህ ቤቴ አይገባም ያሉኝ ሰውዬ አይደሉም እንዴ?» አለ። «እንግዲያው በጎን በር እገባለሁ።»

እንዲህ ተስማማን። አባቴ ጠዋት ይሠራል፣ ምሳ ይበላል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ ይተኛል። መኪናዋ በብረት ማቆሚያ ላይ እንደተሰቀለች ትቆያለች፤ ጎማዎቹን የሚገጥማቸው እሁድ ጠዋት ነው። እሱ በተኛባት አንዲት ሰዓት ጎሚስታው በጋራዡ የጎን በር ይገባል። የአባቴ እጅ ያልቻለውን ብሎን እኔ ያለ ነጥብ እተወዋለሁ፤ እሱ ባዶውን ብቻ ፈልጎ ያጠብቃል። ነጥብ ያለውን አይነካም፤ ነጥብም አይቀባም። ነጥቡን በኋላ የማደርገው እኔ ነኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ፎቅ ላይ አባቴ እንዳይነቃ እየጠበቅኩ ስለምሆን አንተያይም። ከእግሬ ሥር የመፍቻውን ድምፅ እሰማለሁ፤ እሱም የእኔን እርምጃ ይሰማል። ከብዙ ሰው ትዳር የበለጠ የምንግባባ ይመስለኝ ነበር።

ደብዳቤያችን በመሣሪያ ሳጥኑ ሦስተኛ መሳቢያ ውስጥ ነበር። የምንጽፈው ኪኒን በሚታሸግባት ትንሽ የወረቀት ፖስታ ላይ ነው። «በቀን ስንት ጊዜ» ከሚለው ማተሚያ ጎን እሱ አንዳንዴ «ከምግብ በፊትም በኋላም» ብሎ ይሞላና ያስቀኛል።

ሰባት ወር ሙሉ በዚህ መልክ ሄደ። ከበሩ ውጭ የቀረው ሰው ሰባት ወር ሙሉ የአባቴን ነፍስ በመፍቻ ይዞ ኖረ፤ አባቴ ግን አላወቀም።

*

የዚያን ቅዳሜ አባቴ የፊት ፍሬኖቹን ሸራ ነበር የሚቀይረው። ፍሬኑን ከቦታው የሚያስሩት ብሎኖች በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሁለት ናቸው። እኔ ጎኑ ተንበርክኬ ብሩሼን ይዣለሁ፤ ሐሳቤ ግን እዚያ አልነበረም። ዓርብ ዕለት ከጎሚስታው አንዲት ፖስታ ደርሳኛለች። «ሰባት ወር በጎን በር ገባሁ። እጄ ሳይሰርቅ እግሬ ሌባ ሆነ። አባትሽን ልጠይቃቸው ወይስ ልተወው? አንዱን ንገሪኝ» ትላለች። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳወጣና ሳወርድ ነበር።

አባቴ አራቱንም ብሎኖች በጣቱ አስገባ። ከዚያ መፍቻውን አንስቶ ሦስቱን እንደምንም አጠበቀ። አራተኛዋ ጋ ሲደርስ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። አነሳው፣ እንደገና ወደቀ። እኔ እንዳላየሁ ሆኜ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ እንዲያ ማድረግ ለምዶብኝ ነበር።

«ያቺም አልቃለች» አለ። ድምፁ ደክሟል። «ነጥቧ አለች?»

አለች አልኩት። አራተኛዋ መፍቻ እንዳልነካት አውቃለሁ። ጎሚስታው ከሰዓት በኋላ ያገኛታል ብዬ ነው። ክንዱን ይዤ ወደ ፎቅ አወጣሁት፣ ኪኒኑን ሰጠሁት፣ ተኛ። የጎን በሩ ሲከፈት ሰማሁ። የመፍቻ ድምፅ ግን አልሰማሁም፤ ብዙም ሳይቆይ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። አንዲት ብሎን ለማጥበቅ አፍታ ይበቃዋል፣ ሳይቆይ የሄደውም አኩርፎኝ ነው ብዬ አዘንኩ፤ ለደብዳቤው የምመልሰው ስላልነበረኝ ነጥቧን ለማድረግም ወደ ጋራዡ አልወረድኩም። የገረመኝ ያ ብቻ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ የገረመኝ ያ ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት አባቴ ጎማዎቹን ገጠመ። የጎማዎቹን ብሎኖች እንኳ ረጅሙ መፍቻ ላይ በእግሬ ቆሜ እንዳጠብቅለት ይፈቅድልኝ ነበር፤ ለእሱ ያ ጨዋታ ነው። ኮፍያውን አደረገ፣ በመስኮት እጁን አውጥቶ አሰናበተኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ የግራው ፍሬን ከቦታው ወለቀ። መኪናዋ የአንድ መጋዘን ግንብ ውስጥ ገባች። አባቴ እስከ ማክሰኞ ትንፋሹ ነበረ፤ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ቀረ።

ጎሚስታው ሆስፒታል የደረሰው እሁድ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከነቱታው እየሮጠ ነው የመጣው። ኮሪደሩ ላይ ሰው እያየን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆምን።

«አንተን አምኜ ነበር» አልኩት። «አንዲት ብሎን! አንዲት!»

ፊቴን አንድ በአንድ ሲመረምረው ቆየ። «አራተኛዋን አባትሽ አላጠበቋትም ነበር?»

«አንተ ታጠብቃታለህ ብዬ ነው እንጂ።»

ደሙ ከፊቱ ሲወርድ አየሁ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ያን ጊዜ ጥፋተኛ ሰው ዓይን የሚሰብረው እንዲህ ነው ብዬ ፈረድኩበት። ዞሮ ሄደ። ማታ ሳይሆን፣ ነገ ሳይሆን፣ ቀጥ ብሎ ከዚያው ከሆስፒታሉ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። እኔም ጥሩ አደረገ አልኩ። ለአባቴ አላለቀስኩም፤ ንዴቴ እንባዬን አደረቀው።

*

ታላቅ ወንድሜ ጠበቃ ነው። አባታችን ከተቀበረ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የምርመራውን ወረቀት ይዞ መጣና ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ነገሩ ያለቀለት ነው አለ፤ ሰውየው ሁሉንም አምኗል። መነጽሩን አድርጎ ያነብልኝ ጀመር። በድብቅ ጋራዥ ይገባ እንደነበረ፣ የግራውን ፍሬን የነካው እሱ መሆኑን፣ ከነካ በኋላም…

«'አጠበቅኋት ብዬ ነጩን ነጥብ አደረግሁባት'» ብሎ አነበበ።

«ምን አደረግሁባት ነው ያለው?»

«ነጥብ። ብሎኗ ጎማው ውስጥ ወድቃ ተገኝታለች፤ ነጥቧ እንዳለ ነው። ክሱን የሚያጠብቅበትም ያ ነው። ሳያጠብቅ ፈረመበት ማለት እኮ ነው።»

ሳህኔን ገፋሁት። ጎሚስታው ብሩሽ ይዞ አያውቅም። ብሩሿ ሰባት ወር ሙሉ ከቦርሳዬ ወጥታ የተመለሰችው በእኔ እጅ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ እጄ አስታወሰኝ። ራሴ አይደለም፣ እጄ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ሕጋችን ከአባቴ ሕግ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ባዶው ብልቃጥ ላይ ስሙ ይለጠፋል፣ ኪኒኑ ከዚያ በኋላ ተቆጥሮ ይገባል፤ ስም የሌለው ብልቃጥ ለደቂቃ ጠረጴዛ ላይ መቆም የለበትም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። የዚያን ቅዳሜ አባቴ ብሎኖቹን በጣቱ አስገብቶ መፍቻ ለመፈለግ ሲዞር፣ እኔ ሐሳቤ ዓርብ በደረሰችኝ ፖስታ ላይ ሆኖ፣ አራቱንም በተርታ ነጥብ በነጥብ አድርጌ ብሩሼን ጠርጌያለሁ። ባዶ ብልቃጥ ላይ ስም ለጠፍኩ። ነጥቧ አለች ስለው የዋሸሁት መስሎኝ ነበር፤ ሳላውቀው ግን እውነቴን ነበር። አባቴ ነጥቧን አመነ። ጎሚስታው ነጥቧን አመነ። እኔ ደግሞ ጎሚስታውን አመንኩ።

ወንድሜ ወዴት ነው ሲለኝ ወደ ጋራዡ ወረድኩ። አራቱ የብረት ማቆሚያዎች ባዶ ቦታ ከበው ቆመዋል። የአባቴ ጓንት መሣሪያ ሳጥኑ ላይ አለ፤ ጣቶቹ ገና እጁን እንደያዙ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልከፈትኩትን ሦስተኛውን መሳቢያ ሳብኩት። አንዲት ፖስታ ነበረች።

«ዶክተር፣ ዛሬ ሥራ ፈት ሆንኩ። አራቱም ነጥብ አላቸው። አባትሽ እጃቸው ተሽሏቸዋል ማለት ነው፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ከእንግዲህ በጎን በር የሚያስገባኝ ምክንያት የለም። ነገ ከሰዓት በዋናው በር መጥቼ አንኳኳለሁ። ከከፈቱልኝ ከፈቱልኝ። ካልከፈቱልኝም ቢያንስ አንኳኩቻለሁ።» «በቀን ስንት ጊዜ» ከሚለው ጎን ደግሞ «እስኪያልቅ ድረስ» ብሎ ሞልቶበታል።

ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አፉን ከፍቶ የዘጋው ለምን እንደነበረ አሁን ገባኝ። በዚያች ቅጽበት እኔ ያልገባኝን እሱ አውቆታል፤ አውቆም ዋጠው። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

*

ወንድሜ ፖስታዋን ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ በጣቱ ጫፍ ወደ እኔ ገፋት።

«ይሄን እኔ አላየሁም። አንቺም አላገኘሽም።»

«ጋሼ…»

«ስሚኝ። ሰውየው ራሱ ነው ያመነው፤ ማንም አላስገደደውም።»

«ዋሽቶ ነው ያመነው።»

«ለአንቺ ብሎ ነዋ! ተቀበይው።» ዓይኑ ቀላ። «አባቴን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ አንቺን በእስር ቤት አጥር ልጠይቅ?»

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ያን ቀን የጠላሁት ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ የሚለው ነገር ለአንዲት ደቂቃ ስለጣመኝ ነው። ዝም ማለት ምንም አይጠይቀኝም። ነገ ነጭ ጋዎኔን ለብሼ ሥራዬ እገባለሁ፤ ማዶ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ተዘግታ ትቆያለች፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይከራያታል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ አሰብኩት። ከዚያ ፖስታዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከመነጽር ማኅደሩ ጎን ከትቼ ወጣሁ።

መርማሪዋ ዕድሜዋ የገፋ፣ ሰው የምታዳምጥ ሴት ናት። ሁሉንም ከነገርኳት በኋላ ፖስታዋን አገላብጣ አየችና ጎሚስታውን አስጠራችው። ሲገባ ከስቷል። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ቅባት እንኳ ለቋል፤ ያ ይበልጥ አንጀቴን በላው። እኔን ሲያይ ፊቱ ተቀያየረ።

«የምትለውን አትስሙ» አላት ለመርማሪዋ። «አባቷ ሞተውባት ነው። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤውንም እንዳልጠረጠር ብዬ ነው የጻፍኩት።»

መርማሪዋ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ በለሰለሰ ድምፅ ብሩሹና ቀለሙ የት ይቀመጥ እንደነበረ ጠየቀችው።

ዓይኑ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ እጄን ፈለገ። «መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ» አለ በመጨረሻ። «ከላይኛው መሳቢያ።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። የመነጽር ማኅደሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ክዳኑን አነሳሁት። ቀጭኗ ብሩሽ፣ የቀለሟ ብልቃጥ፣ ብልቃጧ ላይ በእጅ ጽሑፌ የለጠፍኩት የቀለሙ ስም። ቀለሙ አፏ ላይ ደርቋል።

«ዶክተር» አለኝ። «ምን ነበር ዝም ብትዪ? የምሰጥሽ ሌላ ነገር እኮ አልነበረኝም።»

«እኔ ያደረግሁትን ነጥብ አንተ አትፈርምበትም» አልኩት። «አባቴን እኔ ነኝ የገደልኩት። ይሄን ከእኔ አትውሰድ። አንተን ደግሞ በዋናው በር ነው የምፈልግህ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መርማሪዋ መጻፏን አቁማ መስኮት መስኮቱን አየች። ከዚያ የሁለታችንም ቃል እንደገና ስለሚጻፍ፣ እስክትጠራን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር እንዳንነሳ አዘዘችን።

ከረጅሙ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻዬን ነካው። በሰባት ወር ውስጥ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየን፣ ጎን ለጎን ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነበር።

ወንድሜ የኮሪደሩን በር ገፍቶ ሲገባ ቀና አላልኩም፤ በጫማው ድምፅ ነው ያወቅኩት። ፊታችን መጥቶ ቆመ። ጎሚስታው ከልማዱ የተነሣ ብድግ አለ። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አየው። በሩን የከለከለውን የአባቴን አስተያየት ጠበቅኩ።

«ተቀመጥ» አለው። «እዚያው ተቀመጥ።» ከዚያ እሱም በሌላው ጎኔ ተቀመጠ።

ምን እንደሚፈረድብኝ አላውቅም። መርማሪዋም አልነገረችኝም። ግን እዚያ ወንበር ላይ፣ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ፣ የአባቴ እጅ ትዝ አለኝ፤ እሁድ ጠዋት በመኪናው መስኮት ወጥታ ያሰናበተችኝ እጅ። የዚያን ዕለት አልተንቀጠቀጠችም ነበር፤ ወይም እኔ አላየሁም። ጎሚስታው እጄን ያዘው። ለአባቴ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።